«ወቅጬ በማር ሰጠኋት»፦ ስለ ደም ግፊትና ስለ ልብ ክኒኖች አወሳሰድ

የዛሬው ጽሑፌ ከተለመደው የፖለቲካ ክርክራችን ወጣ ያለ ነው። ቢሆንም ወላጆቹን አስመጥቶ የሚያሳክመውንም ሆነ መድኃኒት በሻንጣ የሚልከውን ወገን ሁሉ ይመለከታል ብዬ አምናለሁ።

እናቴ እኔ ዘንድ ከርማ ወደ አገር ቤት ስትመለስ ሐኪሟ ያዘዘላትን የሦስት ወር መድኃኒት ይዛ ሄደች። መድኃኒቱ ኒፈዲፒን 60 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠው ዓይነት ነበር። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እህቴ ደወለች። «ጋሼ፣ እማዬ ራሷን ስታ ወደቀች። ክኒኑ ለመዋጥ አስቸግሯት ወቅጬ በማር ሰጠኋት» አለችኝ። እናቴ ሐኪም ቤት ደርሳ ተረፈች። ጥፋቱን በእህቴ ላይ አልጥልም። ፋርማሲስት ሆኜ ሳለሁ ሻንጣውን ስዘጋ «እንዳይወቀጥ» የምትል አንዲት ቃል ሳልነግራቸው የቀረሁት እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ቢወቀጥ ምን ይሆናል? ኒፈዲፒን፣ አምሎዲፒን፣ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም «ካልሲየም ቻናል ብሎከር» ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ናቸው። ካልሲየም ወደ ደም ሥር ጡንቻ ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ደም ሥሩ ይጠብባል፤ ግፊቱም ይጨምራል። መድኃኒቶቹ ካልሲየሙ የሚገባበትን በር በከፊል ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ደም ሥሩ ይላላል፣ ልብም ሸክሟ ይቀልላታል። (ይህ ማለት ግን ወተትና አይብ ተው ማለት አይደለም፤ ስንቱ እንደጠየቀኝ ቤቱ ይቁጠረው።) የቀን አንዴው ኒፈዲፒን መድኃኒቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ሲወቀጥ፣ ሲታኘክ ወይም ሲሰበር የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል። ግፊቱ ያሽቆለቁላል፤ አንጎልና ልብ ደም ያጥራቸዋል። የአንዳንዱ ክኒን ባዶ ቅርፊት ሳይሟሟ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷልና አትደንግጡ። መዋጥ ያስቸገረው ሰው ሐኪሙን ሌላ ዓይነት ያስቀይር እንጂ ሙቀጫ አያንሳ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ አሮጌ ልማድም አለ። ግፊት ድንገት ሲጨምር ፈጥኖ የሚሠራውን የኒፈዲፒን ካፕሱል ነክሶ ወይም ወግቶ ከምላስ ሥር ማድረግ በብዙ አገር የተለመደ ነበር። በዚህ ሳቢያ ስትሮክና የልብ ድካም የደረሰባቸው ሰዎች ሪፖርት ሲበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ሐኪሞች ድርጊቱ እንዲቆም የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጡ። የሚገርመው ደግሞ መድኃኒቱ ከምላስ ሥር እምብዛም አይሰርግም፤ የሚሠራው ተውጦ አንጀት ሲደርስ ነው። ዛሬም «ከምላስሽ ሥር አድርጊው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ እሺ አትበሉ።

ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነውና ክሪዮል የተባለው፣ በስድስት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ጥናት አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለት ቅንጅቶች ከሌለበት ቅንጅት ይልቅ የጥቁር ሕመምተኞችን ግፊት በተሻለ እንዳወረዱ አሳይቷል። (ቅንጅት ስል የክኒኑን ማለቴ ነው!) ለአዋቂ የተለመደው መነሻ በቀን አንዴ 5 ሚሊግራም ሲሆን ጣሪያው 10 ነው። ለአረጋውያን፣ ሰውነታቸው ለከሳና ጉበታቸው ለታመመ ብዙ ጊዜ በ2.5 ይጀመራል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሙሉ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ከሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ «ትናንት ወሰድኩ፣ ዛሬም ግፊቴ አልወረደም» ብሎ ሁለተኛ ክኒን መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው። የተረሳው ትዝ ሲል 12 ሰዓት ካላለፈ ይወሰዳል፤ ካለፈ ይታለፍና የሚቀጥለው በሰዓቱ ይወሰዳል። ሁለት አንድ ላይ አይዋጥም። ቁርጭምጭሚት ቢያብጥ ደም ሥር በመላላቱ የሚመጣ ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑን መቀነስ ወይም ሌላ ማከል የሐኪሙ ፋንታ ነውና ንገሩት እንጂ ክኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም ጠባያቸው ለየት ይላል፤ የልብ ምትንም ያዘገያሉ። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኙ ልብን ከመጠን በላይ ሊያዘገዩ ይችላሉ። የመርጨት ኃይሏ ለደከመ ልብም አይመከሩም። «ያው የግፊት ክኒን ነው» ብሎ ከጎረቤት መዋስ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ኮሌስትሮል ለመቀነስ ሲምቫስታቲን የምትወስዱም አላችሁ፦ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ከአምሎዲፒን ጋር ከ20 ሚሊግራም፣ ከቬራፓሚልና ከዲልቲያዜም ጋር ከ10 እንዳይበልጥ ወስኗል። ግሬፕ ፍሩት የሚባለውም ፍሬ ኒፈዲፒንና ቬራፓሚልን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋልና ጭማቂውን ተዉት።

ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ክኒኑ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለሕፃን አንድ ክኒን እንኳ ሊገድል ይችላል። ልጅም ሆነ አዋቂ ከመጠን በላይ ከዋጠ «ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ቀስ ብሎ የሚለቀው ዓይነት ጉዳቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊታይ ይችላል።

እናቴ አሁን በአምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ላይ ነች። ክኒኗ ትንሽ ናት፣ ሳትወቀጥ ትወርዳለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ እህቴ እንደገና ደወለች፤ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ጠዋት ባዶ ሆዷን እንዴት ትውጠው?» አለች። አምሎዲፒን ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም፤ ለጾመኛ ማታ ከእራት በኋላ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መውሰድም ይቻላል፤ ሐኪሟን አማክራችሁ ሰዓቱን አዛውሩት አልኳት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ዜና ሲጀምር ትውጣለች።