ፊደል መለየትና ማንበብ

የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2025 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ የአገራችንን የታችኛ ክፍሎች የንባብ ትምህርት ለዓመታት ያገዘ እጅ አብሮ ተሰበሰበ። በ2010 እ.ኤ.አ. በድርጅቱ ድጋፍ በተካሄደው ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዳዲስ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ድምፅን ከፊደል የማዛመድ ትምህርት፣ ማለትም ፎኒክስ፣ ከቃላት ዕውቀት፣ ከቅልጥፍናና አንብቦ ከመረዳት ጋር ተጣምሮ ገባ።

በእንግሊዝኛው ዓለም ንባብ በፎኒክስ ይጀመር ወይስ ቃልን ከዐውድ በመገመት የሚለው ክርክር የቆየ ነው። እንግሊዝ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንንሽ ልጆችን በፎኒክስ ትፈትናለች፤ በአሜሪካም ቃልን ከሥዕልና ከዐውድ ማስገመት ብርቱ ትችት ገጥሞታል። ያ ክርክር ግን የተነሣው ከእንግሊዝኛ ውጥንቅጥ አጻጻፍ ነው። እንዳለ ወደ እኛ ቢመጣ አይበጅም።

የእኛ የኔታዎች ፊደልን መለየት በቃል ከመያዝ የተለየ መሆኑን ቀድመው አውቀዋል። ሀ ሁ ሂን በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደሉን ላያውቀው ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይዞ ሊሆን ይችላልና። አቡጊዳ ተራውን አፍርሶ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲያስብል፣ ልጁ የግድ እያንዳንዱን ፊደል ማየት አለበት። ይህን የመሰለ ብልሃት በዘመናዊ መማሪያዎቻችን ውስጥ በቂ ቦታ አላገኘም ብዬ አምናለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ክፍተቱ ሌላ ነው፤ ልጁ የዮሐንስን መልእክትና ዳዊትን በግዕዝ ሲወጣ፣ ትርጉሙን ሳይረዳ ለዓመታት ያነባል።

በአማርኛ ግን ድምፅና ትርጉም አይነጣጠሉም። 231ዱን ፊደላት ለይቶ ያወቀ ልጅ "ትምህርት" የሚለውን ሲያነብ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ይሆኑበታል፤ የትኛው አናባቢውን እንደሚያሰማ፣ የትኛው እንደሚውጥ ገበታው አይነግረውም። "ዋና" መዋኘት ነው ወይስ ዐቢይ? መጥበቅና መላላቱን ጽሕፈቱ አያሳይም። መልሱን የሚያገኘው በጆሮው ከሚያውቀው ቃልና ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ መምህሩ ተረት ጮክ ብሎ ማንበቡ፣ ልጆቹን ማስወራቱ፣ አዲስ ቃል ማስተዋወቁ የፊደል ትምህርቱ አካል ነው።

በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ ይከብደዋል፤ "ዋና" ጠብቆ ሲነገር ሰምቶ ካላወቀ አጥብቆ ሊያነበው አይችልም። ለእሱ የአማርኛ ጭውውት ከፊደል ገበታው መቅደም አለበት።