«ተጻፈ» እና «ተቀበልን»፦ የተሰራጨ የመረጃ ቋት በድር አገልግሎት ሲቀርብ የሚነሡ የስያሜ ጥያቄዎች

በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ተቀምጦ ለተጠቃሚው ግን አንድ ሆኖ የሚታይን የመረጃ ክምችት «የተሰራጨ የመረጃ ቋት» ብለነዋል። «የተከፋፈለ» የሚለውን ቃል የተውነው፣ እያንዳንዱ መረጃ በአንድ ስፍራ ብቻ ያለ ስለሚያስመስል ነው፤ በእንዲህ ያለው ቋት አንድ መዝገብ በብዙ ቅጂ በየስፍራው ሊገኝ ይችላልና።

ቋቱ በድር አገልግሎት ቀረበ ማለት፣ ጠያቂው ፕሮግራም የቋቱን ውስጣዊ አሠራር ሳያውቅ፣ ድረ ገጾች በሚተላለፉበት በኤችቲቲፒ ደንብ ጥያቄ ልኮ መልስ ይቀበላል ማለት ነው። ይህን ጠያቂ «ደንበኛ» ከማለት «ተገልጋይ» ማለቱ ይሻላል። «አገልጋይ» ከሚለው ጋር ከአንድ ግንድ የወጣ በመሆኑ የሁለቱን ዝምድና ያሳያል፤ ንግድንም አያስታውስም።

ለምሳሌ ያህል በኤችቲቲፒ የሚሠራውን ካውችዲቢ የተባለ ቋት እንመልከት። ይህ ቋት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 2.0 እትሙ መረጃን በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የማሰራጨት ችሎታ አግኝቷል። 3 ወይም ከዚያ በላይ ኮምፒዩተሮች ባሉበት በተለመደው አደረጃጀት፣ የእያንዳንዱ መዝገብ 3 ቅጂዎች ይቀመጣሉ። ተገልጋዩ አዲስ መዝገብ ሲልክ 2 ቅጂዎች መጻፋቸው ከተረጋገጠ፣ 201 የተባለው የመልስ ቁጥር ይደርሰዋል። በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ይህ ካልተረጋገጠ ግን መልሱ 202 ይሆናል። ለዚህ ከ3 ቅጂዎች 2ቱን ለሚጠይቅ ደንብ፣ በስብሰባ ሥርዓት የታወቀው «ምልዓተ ጉባኤ» ተስማሚ ስያሜ ሆኖ አግኝተነዋል።

የተርጓሚው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም መልሶች «ተሳክቷል» ብሎ ቢተረጉማቸው፣ መመሪያውን የሚያነበው ባለሙያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የተጻፈን መዝገብ የጸና አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ያ ኮምፒዩተር ቢበላሽ መዝገቡ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ 201ን «ተጻፈ»፣ 202ን «ተቀበልን» እንላለን። መዝገብ ቤት የተቀበለው ማመልከቻ ሁሉ ውሳኔ ያገኘ እንዳልሆነ ማንም ባለጉዳይ ያውቃል፤ አማርኛው ይህን ልዩነት ለመግለጽ አያንስም።

ቅጂዎቹ ለጊዜው ቢለያዩም፣ አዲስ ለውጥ ካልመጣ በመጨረሻ አንድ ዓይነት የሚሆኑበትን ጠባይ «ውሎ አድሮ መጣጣም» ብለነዋል። የእንግሊዝኛው «ኢቨንቹዋል» ከፈረንሳይኛው «ኤቫንቱኤል» ጋር በመልክ ቢመሳሰልም፣ የፈረንሳይኛው «ምናልባት ሊሆን የሚችል» ማለት ነው። በዚህ ተስቦ «ምናልባታዊ መጣጣም» ቢባል፣ የሚዘገየው ነገር አጠራጣሪ ሆኖ ይቀራል። «ውሎ አድሮ» ግን መዘግየትን እንጂ ጥርጣሬን አያመለክትም።

ከነዚህ የተሻለ ስያሜ ቢቀርብልን በደስታ እንቀበላለን። የ201ንና የ202ን ልዩነት የሚያጠፋውን ግን፣ የቱንም ያህል ለጆሮ ቢጥም፣ አንቀበልም።