የሴራሚኩ ጥቁር መስመር፦ ይታጠብ ወይስ ይነቀል?

ፒያሳና አራዳ አካባቢ አልጋ የሚያከራዩ ፔንሲዮኖች አንድ የጋራ ራስ ምታት አለባቸው። አንሶላው የነጣ፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳው ግን የባኞ ቤቱን በር ከፍቶ በሴራሚኮቹ መሀል የሚሄደውን ጥቁር መስመር ሲያይ በዋጋ መከራከር ይጀምራል። የመኖሪያ ቤት ተከራይም ቢሆን ቤት ሊያይ ሲመጣ ዓይኑ የሚያርፈው ማድ ቤቱና መታጠቢያው ላይ ነው። የሚገርመው ሴራሚኩ ራሱ ምንም አልሆነም። እንደ መስተዋት የተለበጠው ፊቱ ቆሻሻ አያስገባም። መልኩን ያጣው 3 ሚሊ ሜትር የማትሞላው መጋጠሚያ ናት።

እዚህ ላይ አብዛኛው ባለቤት ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አሲድ አስገዝቶ ያስደፋበታል፣ ወይም «ሁሉም ተነቅሎ በአዲስ ይሠራ» ብሎ ይወስናል። የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ወደ ሁለተኛው ይወስዳል። በሁለቱ መሀል ያለው መንገድ፣ ማለትም መጋጠሚያውን ብቻ ማደስ፣ የሚታሰበው ከስንት አንዴ ነው።

ሒሳቡን እንየው

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። ከውጭ የሚገባ የሕንፃ ዕቃም አብሮ ተሰቅሏል። የመደብር ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ እዚህ በብር ከመተመን ይልቅ በቁጥርና በኪሎ ማስላቱ ይሻላል፤ አንባቢ በዕለቱ ዋጋ ራሱ ሊያባዛው ይችላል።

የግድግዳው ስፋት 12 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። ሴራሚኩ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 200 ፍሬ ይፈጃል፤ ለሚሰበርና ለሚቆረጥ 10 በመቶ ሲጨመር 220 ይሆናል። በዚህ ላይ ማጣበቂያው ወይም ሲሚንቶና አሸዋው፣ አሮጌውን የሚነቅለው ሠራተኛ፣ ፍርስራሹን የሚጭነው መኪና፣ ሲነቀል አብሮ የሚወድቀው ልስን፣ ምናልባትም የሚነካው የቧንቧ መስመር አለ። ፔንሲዮን ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ሳይከራይ የሚያድርበት እያንዳንዱ ሌሊት ወጪ ነው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም።

በአንጻሩ የዚሁ ግድግዳ መጋጠሚያ ርዝመቱ ሲደመር 100 ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ 3፣ ጥልቀቱ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ለመተካት የሚያስፈልገው ዱቄት 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እስከ ግማሽ ጥልቀቱ ተፍቆ ከተሞላ 2 ኪሎ ይበቃዋል። ቀሪው ወጪ ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ በዶላር አይገዛም።

በቆዩት የፒያሳ ሕንፃዎች ሌላ ምክንያትም ይጨመራል። 15 በ15 የሆነ የድሮ ሴራሚክ ያለበት ቤት አንድ ፍሬ ቢሰበር ልኩንና ቀለሙን የሚመስል ከገበያ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በግዴለሽነት የተነቀለ አንድ ሴራሚክ ግድግዳውን በሙሉ ሊያስቀይር ይችላል።

መስመሩ ለምን ጠቆረ?

መጋጠሚያው ባለሙያዎች ቦያካ የሚሉት የሲሚንቶ ድብልቅ ነው። (ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። የሰፈሩ ስም ፒያሳም፣ ልስን ማስተካከያው ፍራታዞም፣ በረኪናውም፣ አቼቶውም እንደዚያው ናቸው።) ሲሚንቶ ሲደርቅ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው የያዘውን ሁሉ አብሮ ይጠጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የጠጣው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀለሙ ብዙ ይናገራል።

ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። መስኮት በሌለው ወይም መስኮቱ ወደ ጠባብ መተላለፊያ በሚከፈት ባኞ ቤት፣ በተለይ በክረምት፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት ሲያጣ ይመጣል።

ቀይ ቡናማ መስመር ዝገት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የብረት ቧንቧው ባዶውን ሲያድር አየር ይገባዋል፣ ይዝጋል፤ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍረስ ያለው ነው። ይህንን የመጀመሪያ ውሃ በባልዲ ቀድቶ ለሌላ ሥራ ማዋል እንጂ ወለል ማጠብ አይገባም።

በማድ ቤት የሚታየው ቢጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እርድ ነው። የቁሌትና የአልጫ ፍንጣቂ ዘይቱ ለብቻው፣ እርዱ ለብቻው ይገባል። በሳሙና ሲታሽ ወደ ቀይ ከተለወጠ እርድ መሆኑ ይረጋገጣል፤ የእርድ ቀለም ሳሙናንና ሲሚንቶን የመሰሉ ነገሮች ሲነኩት ይቀላልና። ብዙ የቤት እመቤቶች «ስናጥበው ባሰበት» የሚሉት ይህንን ነው። አልባሰበትም።

ከሁሉ መታየት ያለበት ግን ነጩ ነው። መጋጠሚያው ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ተጠርጎ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ፣ ውሃ ከሴራሚኩ ጀርባ እየመጣ በሲሚንቶው ውስጥ ያለውን ኖራ አሟሙቶ እያወጣ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ወይም ከመሠረት የሚወጣ እርጥበት አለ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ግልጽ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። ከላስቲኩ ሥር ውሃ ካዘለ መጀመሪያ የሚጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ይህ ሳይደረግ የሚሠራ ቦያካ ሁሉ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

አንድ ሌላ ፍተሻ አለ። በሳንቲም ጠርዝ መጋጠሚያውን ፋቅ ማድረግ። ከሥሩ ንጹሕ ቀለም ከወጣ ችግሩ እድፍ ነው፣ ይታጠባል። እንደ አሸዋ እየተፈረፈረ ከወረደ ዕድሜው አልቋል፣ ይተካል።

አሲድና በረኪና

አሲድ የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሲደፋ ይፈላል፣ መስመሩም ነጭ ይሆናል። የነጣው ግን እድፉ ስለለቀቀ ብቻ አይደለም፤ የሲሚንቶው የላይኛው ቆዳ ራሱ ተበልቶ ስለሄደ ነው። የቀረው ከበፊቱ የበለጠ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ከበፊቱ ፈጥኖ ይቆሽሻል፣ ባለቤቱም ደግሞ አሲድ ያስገዛል። ከሦስት አራት ጊዜ በኋላ መስመሩ ጎድጉዶ ውሃ ወደ ጀርባ ማስገባት ይጀምራል። አቼቶና ሎሚም ቀስ ይበሉ እንጂ ሥራቸው ያው ነው። ወለሉ ቴራዞ ወይም እብነ በረድ ከሆነማ አሲድ ጠብታውም አያስፈልግም፤ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል።

ገንዘቡ ይቅር፤ የሚያሳስበው ሌላ ነው። አሲዱ አላጸዳም ብሎ በረኪና የሚጨምርበት ሰው አለ። አሲድና በረኪና ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር ላይ ጀርመኖች ለጦር መሣሪያነት የለቀቁት ጋዝ ማለት ነው። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። ባኞ ቤት የሚያጥበው ሰው ደግሞ የሚሠራው ቁጢጥ ብሎ ነው፤ በአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ወይም የፔንሲዮኑ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ምን እንደተቀላቀለ የነገራት የለም። ዓይን ማቃጠል፣ ሳል፣ ደረት መጨነቅ ከተሰማ ሁሉንም ትቶ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው። ዓይንን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ የትንፋሹ ነገር ካልተሻለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላልና። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሃይላንድ በምንለው ባዶ የውሃ ጠርሙስ አሲድ ቀድቶ ማስቀመጥን በሚመለከት፣ ልጅ ያለበት ቤት የማያውቀው አይደለም።

እድፉን ማስለቀቅ

ለዘይትና ለሳሙና ዝቃጭ ሙቅ ውሃ፣ ኦሞ ወይም ላርጎ፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይበቃሉ። ውሃው ፈስሶ ወዲያው አይታሽ፤ 10 እና 15 ደቂቃ ይቆይ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይጠቀሙ፤ ስባሪው መጋጠሚያው ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ከሽቦ ይሻላል።

ለሻጋታ በረኪና አንድ እጅ በውሃ አሥር እጅ ተበርዞ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ ይቀባል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በብዙ ውሃ ይታጠባል። በረኪና ቀለሙን ያጠፋል እንጂ ቅባት አያስለቅቅም፤ ስለዚህ ቅድሚያ የሳሙናው እጥበት ነው፤ ሳሙናውም በደንብ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው በረኪናው የሚገባው። ለእርድ ደግሞ ከፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር እንደ ሊጥ ተለውሶ ግማሽ ሰዓት ቢተኛበት ያደበዝዘዋል። ፀሐይ የሚገባበት ማድ ቤት ከሆነ ፀሐዩ ቀሪውን ይጨርሳል፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። ፐሮክሳይዱም ቢሆን ከበረኪና ጋር አይደባለቅ።

ዝገት ግን ሐቁን ለመናገር በእጥበት ብዙም አይለቅም። በረኪናም አይጠቅመውም። ጠልቆ የገባ ዝገት ያለበት መስመር ወደ መተካቱ ይሂድ።

መተካት

በከተማችን መጋጠሚያ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ በንጹሕ ነጭ ሲሚንቶ ብቻ ነው። ለመግፋት እንዲመች ደግሞ እንደ አጥሚት ይቀጥናል። ብልሽቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትርፉ ውሃ ሲተን ባዶ ቀዳዳ ይተዋል፣ አሸዋ የሌለው ሲሚንቶም ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ለመጋጠሚያ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀው ዱቄት በኪሎ ይወደዳል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው 2 ወይም 4 ኪሎ ስለሆነ ልዩነቱ ከአንድ ቀን የሠራተኛ ክፍያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። መርካቶም ሆነ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሲገዙ ከረጢቱ ያልተቀደደ፣ ዱቄቱ ያልጓጎለ መሆኑን በእጅ ዳብሶ ማየት ነው፤ እርጥበት የነካው አይያዝም። ነጭ ሲሚንቶ የግድ ከሆነና መስመሩ ከ3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ከሆነ ታጥቦ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይጨመርበት።

አሮጌው ሳይፋቅ በላዩ ላይ የሚቀባ ስስ ቦያካ በወራት ውስጥ ይላጣል። ባለሙያዎች ሰጌቶ በሚሉት የብረት መጋዝ ምላጭ ቢያንስ እስከ ግማሽ ጥልቀቱ መፋቅ አለበት። ለ100 ሜትር መስመር ይህ በእጅ የሁለት ሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ሠራተኛው በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ካለ አልፋቀም ማለት ነው። ግራይንደር ይፈጥናል፣ ግን የሴራሚኩን ጠርዝ ይሸርፋል። ከዚያ አቧራው ተጠርጎ መስመሩ በእርጥብ ስፖንጅ ይረጥባል። ቦያካው እንደ ገንፎ ወፈር ብሎ ይቦካል፤ በላስቲክ ፍራታዞ ከመስመሩ አግድም እየተገፋ ይሞላል፤ ሲይዝ ፊቱ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ይጠረጋል። ቀጥሎ ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ በመጠኑ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። በበጋ የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ሲሚንቶውን ሳይጠነክር ስለሚያደርቀው ዱቄት ሆኖ የሚቀረው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ግድግዳ ከወለል፣ ላቫንዲኖ ከግድግዳ የሚገናኝበት ማዕዘን በቦያካ አይሞላ፤ ሁለቱ አካላት ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ የሚገባው ሲልኮን ነው።

ማን ይክፈል?

አራዳ ላይ ይህ ጥያቄ ከቀለሙ የበለጠ ያከራክራል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ ሥር ገቡ፤ የሰፈሩም ብዙ ቤት ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ነው። ተከራዩ በራሱ ወጪ ባኞ ያስገባል፣ ሴራሚክ ያስነጥፋል፤ ቤቱ ግን የእሱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ነቅሎ ወደ ሌላ ሰፈር የወሰደ የለም። በእንዲህ ያለ ቤት ለሚኖር ሰው የሚያዋጣው በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቅሙን የሚመልስ ወጪ ነው፦ እጥበቱ፣ ሲልኮኑ፣ ቢበዛ ውሃ የሚመታው የታችኛው ሁለት ረድፍ ቦያካ። ግድግዳ ሙሉ ማስለበሱን ይለፈው።

የግል ቤት ተከራይ ሁኔታው ለየት ይላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለሁለት ዓመት የሚቆይ ሰው መጋጠሚያውን በደንብ ቢያስተካ አይከስርም። ባለቤቱም ዕቃውን ቢገዛ፣ ተከራዩም ጉልበቱን ቢችል ሁለቱም ያተርፋሉ። ስምምነቱ በቃል ከሚቀር ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፤ ነጭ ዱቄት ከታየና ጥፋቱ ከግድግዳው ውስጥ ካለ ቧንቧ ከሆነ ግን ያ የባለቤቱ ወጪ መሆኑ አብሮ ይግባ።