አራተኛው ሞተረኛ

በኦክቶበር 2021 ማንቸስተር ላይ በተካሄደው የስፒድዌይ የአገሮች ውድድር ፍጻሜ መስመሩን ቀድሞ ያለፈው ፖላንዳዊው ባርቶሽ ዝማርዝሊክ ነበር። ዋንጫውን ያነሱት ግን እንግሊዛውያኑ ሮበርት ላምበርትና ዳን ቢውሊ ናቸው። ሁለቱ ተከታትለው ሁለተኛና ሦስተኛ ሲገቡ የዝማርዝሊክ አጋር ማቼይ ያኖቭስኪ ከኋላ ቀረ። ደንቡ ለአንደኛ 4፣ ለሁለተኛ 3፣ ለሦስተኛ 2 ነጥብ ሰጥቶ ለመጨረሻው ምንም ስለማይሰጥ ሒሳቡ 5 ለ4 ሆነ፤ ብሪታንያም ከ1989 ወዲህ ርቋት የነበረውን የዓለም የቡድን ሻምፒዮንነት አገኘች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድሉ ይገባቸዋል። ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ቡድን አይሆንም የሚለው ሐሳብም ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ለአንድ አገር የሚሰለፈው ስንት ሰው ይሁን? ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የዚህ ውድድር ታሪክ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የኔ መልስ አራት ነው፤ ሁለት በቂ ነው ብለው የወሰኑት ሰዎች ከስፖርቱ ትልቅ ነገር አጉድለዋል ብዬ አምናለሁ።

የስፒድዌይ ሞተር ሳይክል ፍሬን የለውም። ማርሹ አንድ ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ ሲሆን የሚጠጣው ሜታኖል ነው፤ ክብደቱ ከ77 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ደንቡ ያዛል። አራት ሞተረኞች በመነሻው ላይ በተዘረጋው ገመድ ፊት ይደረደራሉ። ዳኛው ገመዱን ሲለቀው ፍሪሲዮናቸውን ለቀው ይፈተለካሉ፤ ገመዱን ቀድሞ የነካ ከውድድሩ ይባረራል። ከዚያ በሞላላው የአፈር ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ አራት ዙር ይከንፋሉ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሞተረኛው ከሥሩ ብረት የተገጠመለትን የግራ ጫማውን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ ነዳጁን ይጨምራል፣ የኋላ ጎማው ወደ ውጭ እንዲንሸራተት ይለቀዋል፣ መሪውን ደግሞ ከመታጠፊያው በተቃራኒ ወደ ቀኝ ይይዛል። ፍሬን በሌለበት ፍጥነትን የሚገራው ይህ መንሸራተት ራሱ ነው። ከኋላ ያለው ተወዳዳሪ የሚያየው የሚረጨውን አፈር ብቻ ነው፤ መነጽሩን የሚሸፍኑ ስስ ፕላስቲኮችን እየላጠ እየጣለ ይነዳል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

የዓለም የቡድን ዋንጫ በ1960 ሲጀመር አሠራሩ ቀላልና ፍትሐዊ ነበር። አራት አገሮች ለፍጻሜ ይደርሳሉ፤ እያንዳንዱ አገር አራት ሞተረኞችና አንድ ተጠባባቂ ይዞ ይመጣል። በአንድ ምሽት 16 ውድድሮች ይካሄዳሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ከየአገሩ አንድ ሰው አለ። ማንም ማንንም ሊያግዝ አይችልም፣ ጓደኛህ ሜዳው ላይ የለም። ነጥቡ 3፣ 2፣ 1 እና 0 ነው፤ ሲደመር አገር ይሆናል። የመጀመሪያውን ዋንጫ በራሷ ከተማ በዮተቦሪ ስዊድን ወሰደች። የቡድኗ አውራ ኦቬ ፉንዲን በግሉ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ ዛሬ የዓለም ዋንጫው በስሙ ይጠራል።

በዚህ አሠራር አንድ ኮከብ ሮጦ ሮጦ የሚያመጣው 12 ነጥብ ነው። ፍጻሜ የሚያሸንፈው ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ነጥብ የሰበሰበ ቡድን ስለሆነ፣ ውጤቱ የሚወሰነው በአራተኛው ሰው ነው፤ ስሙ ፖስተር ላይ በማይወጣው፣ ሦስተኛ ሆኖ ለመግባት፣ ለአንዲት ነጥብ ሲል አፈር እየጠጣ በሚታገለው። ያቺ አንድ ነጥብ ስንት ጊዜ ዋንጫ እንደለወጠች የቆዩ ተመልካቾች ያውቃሉ።

ጥያቄው ግን የቁጥር ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ማን የማን ነው የሚልም ነበረበት። በ1971 ታላቋ ብሪታንያ ፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ ላይ ስታሸንፍ ከአምስቱ ተሰላፊዎች እንግሊዛዊው ሬይ ዊልሰን ብቻ ነበር። ኢቫን ሞገር፣ ባሪ ብሪግስና ሮኒ ሙር የኒውዚላንድ፣ ጂም ኤሪ ደግሞ የአውስትራሊያ ልጆች ናቸው። በእንግሊዝ ሊግ ስለሚነዱ በኮመንዌልዝ ስም ለብሪታንያ ተሰለፉ። ይህ አካሄድ ቀርቶ እንግሊዝ በራሷ ስም መወዳደር ስትጀምር የተከተለውን ተመልከቱ። በ1976 አውስትራሊያ፣ በ1979 ደግሞ ኒውዚላንድ ለንደን ዋይት ሲቲ ላይ ዋንጫውን ወሰዱ። ኒውዚላንድ ያኔ ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሞገር በ39 ዓመቱ፣ ስድስተኛ የግል ሻምፒዮንነቱን ካገኘ ብዙም ሳይቆይ፣ በዕድሜ ግማሹን ከሚያክለው ከሚች ሺራ ጋር በአንድ ቡድን ቆመ፤ ላሪ ሮስ፣ ብሩስ ክሪብና ሮጀር ኤብል ሞሉት። ትናንሽ አገሮች አራት ሰው ማግኘት አይችሉም ለሚሉ ሁሉ ይህን ቡድን አስታውሳቸዋለሁ።

ስለዚህ ውድድር ስናወራ የእንግሊዟን ብራድፎርድን መዝለል አይቻልም። ሴፕቴምበር 1989፣ ኦድሳል ስታዲየም። ዴንማርክ ከ1983 ጀምሮ ስድስት ዓመት ሳታቋርጥ አሸንፋ ለሰባተኛው መጥታለች። በመጀመሪያው ውድድር፣ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ የሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ኤሪክ ጉንደርሰን ወደቀ። ስዊድናዊው ጂሚ ኒልሰን፣ አሜሪካዊው ላንስ ኪንግና እንግሊዛዊው ሳይመን ክሮስ ከኋላው ነበሩ፤ ፍሬን በሌለው ሞተር ምን ያድርጉ? አራቱም አንድ ላይ ተደረመሱ። ጉንደርሰን በሞትና በሕይወት መካከል ቆየ፤ ሽባነት ላይ ደርሶ ቀስ በቀስ መራመድን እንደገና ተማረ፤ ሞተር ላይ ግን ለውድድር ዳግም አልወጣም። ክሮስ ከሳምንት ሳምንት ለክራድሊ ሂዝ ክለብ አብሮት የሚነዳ ጓደኛው ነበር። ያን ቀን ግን አንዱ የዴንማርክን፣ ሌላው የእንግሊዝን መለያ ለብሰዋል። ውድድሩ ቀጠለ፣ እንግሊዝ አሸነፈች። ብሪታንያ እስከ 2021 ድረስ ስትቆጥረው የኖረችው የመጨረሻ ድል ይህ ነው።

የስፒድዌይ ሕይወት እንዲህ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፖላንድ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና እንግሊዝ ውስጥ ለተለያዩ ክለቦች ሊነዱ ይችላሉ፤ መካኒኮቻቸው ሌሊቱን በቫን እየነዱ ሞተሮቹን ያደርሳሉ። አገር የሚባለው ነገር የሚገለጠው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። እነዚያ ጥቂት ቀናት ሲቀነሱ ትንሽ ነገር የተቀነሰ ይመስላል፤ እኔ ግን አይመስለኝም።

በ2001 ውድድሩ የስፒድዌይ የዓለም ዋንጫ ተብሎ ታደሰ። እስከ 2017 ድረስ ከተካሄዱት 17 ዋንጫዎች ፖላንድ 8ቱን ወሰደች። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። እንደ ሌሽኖ፣ ጎዡፍና ቶሩን ባሉ ከተሞች ስፒድዌይ ከእግር ኳስ ይበልጣል። ሊጉ በዓለም ትልቁን ገንዘብ ይከፍላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ክለብ በየግጥሚያው ወጣቶችን እንዲያሰልፍ ደንቡ ያስገድዳል። የግጥሚያው ሁለተኛ ውድድር የወጣቶች ብቻ ነው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይማራል። አራተኛው ሞተረኛ የሚወለደው እዚያ ነው።

የአንድ አገር ብልጫ ግን ቴሌቪዥን ያሰለቻል። ላትቪያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን አንድና ሁለት ጥሩ ሞተረኛ ነበራቸው፤ አራት ግን የላቸውም። በ2018 የዓለም ዋንጫው ቆመና በሁለት ሁለት ሰው የሚካሄደው የአገሮች ውድድር ተተካ፤ ከሁለቱ ሌላ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ተጨመረ። ሩሲያ በአርተም ላጉታና በኤሚል ሳይፉትዲኖቭ ሦስት ተከታታይ ዋንጫ ወሰደች፦ 2018፣ 2019፣ 2020። ሁለቱ ሰዎች ድንቅ ናቸው፣ ይህን የሚክድ የለም። በ2022 ዩክሬን ስትወረር ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን የሩሲያና የቤላሩስ ተወዳዳሪዎችን አገደ፤ ያኔ የግል ሻምፒዮኑ ላጉታ ማዕረጉን ሳይከላከል ቀረ፣ ሦስት ዋንጫ የወሰደችው አገርም ከውድድሩ ጠፋች። ፖላንድ በበኩሏ እስከ 2024 ባሉት የጥንድ ውድድሮች አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። በዓለም ብዙ ጥሩ ሞተረኛ ያላት አገር ማለት ነው ይህቺ።

ይህ የጥንዱን ውድድር ደጋፊዎች ያስደስታል፤ ፉክክሩ ሰፋ ይላሉ፣ እውነትም ሰፍቷል። ትናንሾቹ አገሮች መድረክ ማግኘታቸው መልካም ነው፤ እንዲነጠቁም አልፈልግም። ነገር ግን ሁለት ሰው የሚመረጥበት ውድድር አገሮች ሁለት ሰው ብቻ እንዲያሠለጥኑ ያበረታታል። ገንዘቡም፣ ሞተሩም፣ አሠልጣኙም ወደ ሁለቱ ይሄዳል። ሦስተኛውና አራተኛው ለብሔራዊ ቡድን የመጠራት ተስፋቸው ሲቆረጥ ምን ብለው ይቆዩ? ስፖርቱ ውድ ነው፣ አደገኛም ነው። በ2012 ቭሮትስዋፍ ላይ በሊግ ግጥሚያ ሕይወቱ ያለፈው የብሪታንያው ሊ ሪቻርድሰን፣ በ2015 ዝየሎና ጉራ ላይ ወድቆ ሽባ የሆነው አውስትራሊያዊው ዳርሲ ዋርድ፣ ሁለቱም ለአገራቸው በዓለም ዋንጫ የተሰለፉ ነበሩ። ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ቢያንስ የአገሩን መለያ የሚለብስበት ዕድል ሊነፈግ አይገባም።

በ2023 የአራት አራት ሰው ዋንጫ ቭሮትስዋፍ ላይ ተመለሰ። ፖላንድ አሸነፈች፣ ብሪታንያ ሁለተኛ ሆነች፤ ምሽቱም የጥንዱ ውድድር ደጋፊዎች ይፈሩት የነበረውን መሰልቸት አላመጣም። ሆኖም ዋንጫው በየሦስት ዓመቱ ብቻ እንዲካሄድ፣ በመሐል ያሉት ዓመታት ለጥንዱ እንዲሆኑ ተወሰነ። እኔ ተራውን እገለብጠው ነበር፦ የአራቱ በየዓመቱ፣ የጥንዱ በየሦስት ዓመቱ። የቀን መቁጠሪያው ሞልቷል የሚለውን ሰበብ አልቀበልም፤ የፍጻሜው ምሽት አንድ ነው፣ 20 ውድድር ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ነው። በ2017 ሌሽኖ ላይ ፖላንድ ስታሸንፍ 19 ዓመት የሞላው ተስፈኛ ሞተረኛ ቀጣዩ የአራት ሰው ዋንጫ ሲመጣ 25 ሞልቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሉ 28 ሲሞላው ነው፤ እስከዚያ አጥንቱ ካልተሰበረ፣ ክለቡ ካልሸኘው፣ ገንዘቡም ካላለቀ።