አቀበት ላይ ነዳጅ ከመጨመር ማርሽ መቀነስ
ከጎሮ ወደ ሮቤና ጎባ ሰው ወይም እህል ጭኖ በሞተር ሳይክል የሚጓዝ አሽከርካሪ፣ አቀበት ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ነዳጅ መጨመር ይቀናዋል። መፍትሔው ግን ማርሽ መቀነስ ነው። ባለ 125 እና ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች የተሻለ የመጎተት ኃይል የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ5000 እስከ 7000 ዙር ባለው መካከል ነው። ዙሩ እጅግ ሲወርድ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ፒስተንና ኩሽኔታም ይጎዳሉ። ያለ ልክ ማስጮህ ደግሞ ነዳጅ ያባክናል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሚያቋርጠው በሳነቴ አምባ፣ ከፍታው 4000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ የሞተሩ ጉልበትም በባሕር ጠለል ከሚኖረው ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ በአራተኛ ማርሽ የሚወጣ አቀበት እዚያ ሦስተኛን ሊጠይቅ ይችላል።

የዙር መለኪያ ለሌለው ሞተር መለኪያው ጆሮ ነው፦ ነዳጅ ሲሰጠው ሳይንቀጠቀጥ ፍጥነት ከጨመረ፣ ማርሹ ትክክል ነው።