ልጅን ከምግብ ከመከልከል በፊት፦ የምግብ አለርጂ በሆስፒታል እንዴት ይረጋገጣል?

በሰበታ፣ በዓለም ገናና በሱሉልታ ዙሪያ ላም የሚያልቡና ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች በርካታ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ወተትና እንቁላል የገቢ ምንጭ ብቻ ሳይሆኑ የልጅ ማሳደጊያም ናቸው። ይሁንና ሕፃኑ እንቁላል በልቶ ፊቱ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ወይም ወተት ጠጥቶ ሲያስመልሰው፣ አንዱ ቤተሰብ «አይስማማውም» ብሎ ምግቡን ፈጽሞ ይከለክለዋል፤ ሌላው ምች ወይም ዓይን ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መንገዶች ልጁን ሊጎዱ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ወተትንና እንቁላልን ያለ በቂ ምክንያት ከልጅ ማዕድ ማስቀረት ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሌላ በኩል እውነተኛ አለርጂን ቸል ማለት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

አለርጂ ምንድን ነው?

የምግብ አለርጂ የሚከሰተው የሰውነት የመከላከል ሥርዓት በምግብ ውስጥ የሚገኝን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ነው። ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያሉ፤ እነርሱም ማሳከክ፣ ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ ማስመለስና የትንፋሽ ማጠር ናቸው። የወተት ስኳርን መፍጨት ባለመቻል የሚመጣው የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ግን አለርጂ አይደለም። ሕክምናውም የተለየ ነው።

በሕፃናት ላይ አለርጂ በማስነሳት ከሚታወቁት ምግቦች መካከል የላም ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣና ሰሊጥ ይገኛሉ። ሽምብራና ምስርም በአንዳንድ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ችግር ያመጣሉ። ሽሮ ከተለያዩ ጥራጥሬዎች ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ በመሆኑ የትኛው እህል ችግሩን እንዳመጣ ለመለየት ያስቸግራል።

የምርመራው ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ልጁ ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ምልክቱ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደታየና ከዚያ በፊት ያንኑ ምግብ በልቶ እንደሆነ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የቆዳ ምርመራ ሊደረግ ይችላል። የምግቡ ፈሳሽ ጠብታ በክንድ ወይም በጀርባ ላይ ተደርጎ ቆዳው በስሱ ይጫራል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ማበጡና መቅላቱ ይታያል። ለማሳከክ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ውጤቱን ስለሚያዛቡ፣ በሐኪም ምክር ከጥቂት ቀናት በፊት መቋረጥ አለባቸው። የደም ምርመራም ሌላው አማራጭ ነው።

ነገር ግን የቆዳው ማበጥ ብቻውን የበሽታ ማረጋገጫ አይሆንም። በጂማ ከተማና ገጠር ከ12 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአስም ጥናት ለዚህ ማስረጃ ነው። ጥናቱ የተመለከተው የቤት አቧራ ነፍሳትን እንጂ ምግብን አልነበረም፤ ሆኖም የቆዳ ምርመራ ምላሽ በከተማው ከሚያፏጭ ትንፋሽ ጋር ሲያያዝ በገጠሩ እንዲህ ያለ ትስስር አልታየም። በምግብም ረገድ ቆዳው አብጦ ሳለ ምግቡን ያለ ችግር የሚበሉ ልጆች አሉ።

ጥርጣሬው ካልጠራ የመጨረሻው ማረጋገጫ በሐኪም ክትትል ማብላት ነው። ልጁ ትኩሳትም ሆነ የአስም መባባስ በሌለበት ቀን ወደ ሆስፒታል ይገባል። በመጀመሪያ እጅግ ጥቂት ምግብ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እየተጠበቀ መጠኑ ይጨምራል። ምግቡን ከጨረሰም በኋላ ለሰዓታት በዓይን ይጠበቃል። አድሬናሊን፣ ኦክስጅንና የሠለጠነ ባለሙያ በአጠገቡ መኖር ግዴታ ነው። ይህንን ሙከራ በቤት ውስጥ ማድረግ አይገባም የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መከልከል ሁልጊዜ አይከላከልም

በለንደን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት ተከታትሏል። ኦቾሎኒ ከተከለከሉት መካከል በአምስት ዓመታቸው 17.2 በመቶው የኦቾሎኒ አለርጂ ሲይዛቸው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በላመ መልክ ከበሉት መካከል ግን የያዛቸው 3.2 በመቶው ብቻ ናቸው። እንዲህ ላሉ ሕፃናት ማስጀመሩ የሚከናወነው በሐኪም ምክር ነው። ያልተፈጨ ኦቾሎኒም ትንፋሽ ስለሚዘጋ ለትናንሽ ልጆች አይሰጥም።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

ምግብ የበላ ልጅ ትንፋሽ ካጠረው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ምላሱ ካበጠ ወይም ራሱን ከሳተ ነገ ሳይባል በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል። የዚህ ሕመም ቀዳሚ መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው።

ምልክቱ ቀላል ከሆነ ደግሞ የተበላውን ምግብ፣ ሰዓቱንና የታየውን ለውጥ ጽፎ መያዝ፣ ከተቻለም ሽፍታውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ለሐኪሙ ሥራ ትልቅ እገዛ ነው። ምርመራው እስኪደረግ የሚከለከለው የተጠረጠረው ምግብ ብቻ ሊሆን ይገባል። አለርጂ መሆኑ ከተረጋገጠም ምትክ ምግብ ከባለሙያ ጋር መምረጥ ያስፈልጋል። የወተትና የእንቁላል አለርጂ በብዙ ልጆች ላይ ከዕድሜ ጋር የሚጠፋ በመሆኑ፣ ዛሬ የተከለከለ ምግብ በየጊዜው በሐኪም እንደገና ሊታይ ይገባዋል።