ለንባብ ፈተና የሚያዘጋጀው ምንድን ነው?



የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲቃረብ በብዙ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጻሕፍት ይከደኑና የቀድሞ ፈተናዎች ይወጣሉ። ተማሪው «የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» ለሚሉ ጥያቄዎች የመልስ አሰጣጥ ብልሃት ይለማመዳል። እኔ ግን ብልሃቱ የሚጠቅመው ምንባቡን ለተረዳ ተማሪ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሬክት እና ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 64 የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነበቡ። በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ነገር ግን ጨዋታውን የሚያውቁት ተማሪዎች፣ ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች ይልቅ ጽሑፉን አስታወሱ።

በእኛም ዘንድ ስለ አፈር መሸርሸር የቀረበ ምንባብ፣ እርከን ጎርፍን እንዴት እንደሚገታ ለሚያውቅ ልጅ ይቀለዋል፤ ለማያውቀው ግን ዳገት ይሆንበታል።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ርእስ ላይ ተከታታይ ጽሑፎችን ማስነበብ፣ አዳዲሶቹን ቃላት በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርትም ደጋግሞ ማንሣት ይገባል። የቀድሞ ፈተና ሰዓት መመጠንንና የጥያቄውን አቀራረብ ስለሚያስለምድ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይቆይ። ያን ጊዜም ተማሪው መልሱን የሚደግፈውን መስመር ይጠቁም፤ የቀሩት ምርጫዎች ስለምን እንደማይሆኑ ያስረዳ።

በቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ይህን ዕውቀት በአብዛኛው የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ነው። የንባቡን ሰዓት ለመለማመጃ ወረቀት ስንሰጥ አብልጦ የሚጎዳው እርሱ ነው።